ቀዝቃዛው ራዲያተር

ቅናት የት ቦታ እንደሚቀመጥ የሚጠይቀኝ ሰው ቢኖር የቱታዬን የደረት ኪስ አሳየዋለሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ እዚያ ኪስ ውስጥ የሲኒ አፍ የምታህል አንዲት የብረት ዕቃ ይዤ ዞሬአለሁ። ምሳ ስበላ እዚያው ነበረች፤ ቤተ ክርስቲያን ስሳለምም እዚያው ነበረች። ዕቃዋ የኔ አልነበረችም። የማን እንደነበረችና እንዴት ከኪሴ እንደወጣች ልንገራችሁ። ደግ ሰው መስዬ እንድታዩኝ ብዬ አይደለም፤ አልነበርኩም።

ሥራዬ ራዲያተር መጠገን ነው። ሱቄ ደብረ ማርቆስ ከተማ ወደ ደጀን በሚያወጣው አስፋልት ዳር ናት። ሰዉ "ጌትነት ራዲያተር" ይለኛል፤ የአባቴን ስም የሚያውቀው ጥቂት ነው። አባይ በረሃን ወርዶ ደጀን የሚወጣ የጭነት መኪና ሁሉ አንድ ቀን መፍላቱ አይቀርም፤ ከፈላ ደግሞ እየጎተቱ ወደ እኔ ያመጡታል። የተሸነቆረውን እደፍናለሁ፣ የተደፈነውን እከፍታለሁ። በዚህ ሥራ ከደጀን እስከ ባሕር ዳር የሚበልጠኝ አልነበረም። ይህን ስል ጉራ አይምሰላችሁ፣ ወይም ይምሰላችሁ፤ በዚያን ጊዜ ከጉራዬ በቀር ምንም አልነበረኝም።

የእኛ አገር መካኒክ አንድ ልማድ አለው። በሞተርና በራዲያተር መካከል ተርሞስታት የምትባል ትንሽ በር አለች። ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውሃውን ትይዘዋለች፤ ሲሞቅ ተከፍታ ቀዝቅዞ እንዲመለስ ወደ ራዲያተር ትለቀዋለች። በረዶ አገር ላለ ሰው ጥሩ ነገር ናት። አባይ ዳገት መሐል ላይ አልከፈትም ብላ ከቀረች ግን ሞተሩ ይቀቀላል። ስለዚህ እኛ ገና ከጅምሩ ነቅለን እናወጣታለን። ውሃው እንደ ልቡ ይሂድ እንላለን። እኔ ያወጣኋቸውን ሁሉ በዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ አጠራቅም ነበር። ጣሳው ሲሞላ እየኮራሁ አየው ነበር፤ ሞኝነቴን መቁጠሬ እንደነበር የገባኝ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ይሄይስ ልምጣ።

ይሄይስ የልጅነት ጓደኛዬ ነው። አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ ሁለታችንንም ፊደል ያስቆጠሩን እሳቸው ናቸው። እኔ ፈጥኜ እይዝ ነበር፤ እሱ ዘግይቶ ይይዝና አይለቅም ነበር። አስኳላም ስንገባ አንድ ዴስክ ላይ ተቀመጥን። እኔ አንደኛ፣ እሱ ሁለተኛ እየወጣን እስከ ዘጠነኛ ክፍል ሄድን። ከዚያ ምን እንደተፈጠረ እንጃ፣ እሱ አንደኛ ሆነ፣ እኔ ደግሞ ስንተኛ እንደሆንኩ መጠየቅ ተውኩ። እሱ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ እኔ በጥቂት ነጥብ ቀረሁ። የፊዚክስ መምህር ሆኖ ወደ ማርቆስ የተመለሰ ዕለት አባቴ ከደጃፍ ወጥተው አቅፈው ተቀበሉት። እኔ እዚያው አጠገባቸው ቆሜ ነበር፤ እጄ ግራሶ ስለነበር ሁለቱም አልጨበጡኝም።

አባቴ ክፉ ሰው አይደሉም። ግን ሱቄን ከፍቼ በኖርኩባቸው አሥራ አንድ ዓመታት ውስጥ አንድም ቀን ገብተው አያውቁም ነበር። በር ላይ ቆም ብለው "ደኅና ዋልክ" ይሉና ያልፋሉ። ጭሱ ያስለኛል ይላሉ። የይሄይስን አውሮፕላን ለማየት ግን ያንን ሁሉ ዳገት ዣንጥላቸውን ይዘው ይወጡ ነበር። ቤት ሲመለሱም ወሬው ሁሉ ስለ እሱ ነው። "ይሄይስ ክንፉን ሸራ አለበሰው።" "ይሄይስ ጎማውን ገጠመለት።" እኔ የዚያን ቀን የሁለት አውቶቡስ ራዲያተር ሠርቼ ገብቼ ይሆናል፤ ማንም ምን ሠራህ አይለኝም።

አውሮፕላን ያልኩት የቀልድ አይደለም። ሚሊኒየሙ ካለፈ በኋላ ነው፤ ይሄይስ በግቢው ውስጥ አንድ ሰው የሚይዝ አውሮፕላን መሥራት ጀመረ። ኢንተርኔት ቤት እየተቀመጠ በውጭ አገር ሰዎች በግቢያቸው እንዴት እንደሚሠሩ ያነባል፤ የቻለውን ያሳትማል፤ ደመወዙን እንጨትና አሉሚኒየም ላይ ያፈስሳል። መጀመሪያ ሰዉ ሳቀ። ክንፉ ሲገጠም መሳቁን ተወ። እኔ ብቻ ሳቄን ቀጠልኩ፤ እሱም ለሰው ፊት ነበር።

ሞተሩ ጉድ ነበር። ከተጋጨ የጃፓን መኪና የወጣ ሮታሪ የሚሉት ነው፤ መርካቶ ውስጥ ሻጮቹ ራሳቸው ምን እንደሆነ አላወቁትም። ፒስቶን የለው፣ ቴስታታ የሚሉት የላይ ክዳን የለው፤ ሦስት ማዕዘን ብረት በሞላላ ቤት ውስጥ ይሽከረከራል። ቀላል ነው፣ ጉልበቱ ግን የትየለሌ። ጠባዩ አንድ ነው፤ ሙቀት አይወድም። ሌላ ሞተር ትንሽ ቢፈላ ይታገሳል። ይሄኛው ከፈላ የውስጥ ጎማዎቹ ይቃጠላሉ፣ ከተቃጠሉ ደግሞ በኢትዮጵያ ምድር ምትክ የላቸውም። ስለዚህ የአውሮፕላኑ ነገር ሁሉ በማቀዝቀዣው ላይ ተንጠለጠለ።

ይሄይስ ሱቄ መጣ። "ጌትነት፣ ያላንተ አይሆንም" አለኝ።

ያቺ ቃል አንድ ሳምንት ሙሉ ጣፈጠችኝ። አንድ ትንሽ ራዲያተር በቀጭን መዳብ ሠራሁለት፤ በእህል ነጋዴው ጎረቤቴ ሚዛን ላይ እያስቀመጥኩ፣ ከበደ ስል እየሞረድኩ። እውነቴን ነው፣ በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ሥራ ሠርቼ አላውቅም።

ጣጣው የተጀመረው ነፋስ በሚያስገባው ሳጥን ነው። ይሄይስ ከራዲያተሩ ፊት የሚገጠም የአሉሚኒየም ሳጥን ነድፎ መጣ። አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ፣ ከኋላ ደግሞ ጠበብ ያለ መውጫ አለው።

"አፉ ይህችን ብቻ ያህላል?" አልኩት።

"አዎ።"

"ይሄይስ፣ ነፋሱ በምን ይግባ? ራዲያተር እኮ ደረቱን ለነፋስ የሚሰጥ ነገር ነው። የጭነት መኪና አይተህ አታውቅም?"

"የጭነት መኪና አባይን ሲወጣ ይንፏቀቃል። ይሄ ሲበር ነፋሱ በኃይል ነው የሚመጣው። በኃይል የመጣ ነፋስ ራዲያተሩ ላይ ይጋጭና ይበተናል። በጠባብ አፍ ገብቶ፣ ሆዱ እየሰፋለት ቀስ ማለት አለበት። ቀስ ሲል ነው የሚገፋው።"

"ቀስ ሲል ነው የሚገፋው" ብዬ ደገምኩና ሳቅሁበት። አሥራ አንድ ዓመት ራዲያተር ያቀፍኩ ሰው ነኝ፤ ጠመኔ ይዞ የሚውል ሰው ነፋስ እንዴት እንደሚገባ ሊያስተምረኝ ነው።

አልተከራከረኝም። ሁለት ሳጥን ሠራ፤ አንዱ የእሱ ጠባብ አፍ፣ አንዱ የኔ ሰፊ አፍ። በጎናቸው ላስቲክ መስኮት አበጀላቸውና በውስጣቸው ቁርጥራጭ ፈትል አንጠለጠለ። ፒካፕ ላይ ጭነን ወደ ሮብ ገበያ መንገድ በኃይል ነዳን። በእሱ ሳጥን ውስጥ ፈትሎቹ ቀጥ ብለው ወደ ራዲያተሩ ተኙ። በእኔው ውስጥ ይጠማዘዙ፣ ይዞሩ፣ አንዳንዶቹም ተመልሰው በአፉ ይወጡ ነበር። አባቴ ጋቢና ውስጥ ከሾፌሩ ጎን ሆነው ዞረው ያዩ ነበር። ስንቆም "ጌትነት፣ አየህ?" አሉኝ።

አየሁ። በገዛ ሙያዬ፣ በአባቴ ፊት፣ በፈትል ቁራጭ ተሸነፍኩ። ያቺ "አየህ?" እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለች።

ሞተሩን ከራዲያተሩ ጋር ያገናኘሁት እኔ ነኝ። በዚያን ዕለት እንደ ልማዳችን ተርሞስታቷን አወጣኋት።

"አታስፈልግም?" አለ ይሄይስ።

"ይህን ለኔ ተው" አልኩት።

ተወልኝ። ሌላውን ሁሉ ከወረቀት እያየ የሚያረጋግጥ ሰው፣ ይህችን በኔ አፍ አመነ።

ሞተሩ ተነሣ፤ ነዳጅ ሲሰጠው በአምስት ደቂቃ ፈላ። በማግሥቱም ፈላ። በሦስተኛው ቀን እሱ ሊያስተምር ሲሄድ እኔ ከሞተሩ ጋር ብቻዬን ቀረሁ። የተርሞስታቷን ክዳን ከፍቼ ውሃ እንዳያፈስ የምትገባውን ጓርኒሲዮን ልቀይር ስል ከሥር አንዲት ቀዳዳ አየሁ። ሌሎች ሞተሮች ላይ ልብ ብዬ የማላያት ዓይነት ናት። ጣቴን ከተትኩባት። ከዚያ ሱቄ ሄጄ ተርሞስታቷን ከጣሳው አወጣኋትና የፈላ ውሃ ውስጥ ነከርኳት። ስትሞቅ ላይዋ ተከፈተ፣ ከታች ደግሞ እግሯ ወደ ታች ወረደ። ያ እግር ልክ በዚያች ቀዳዳ ላይ ነው የሚያርፈው። ስትከፍት አንዱን መንገድ ትከፍታለች፣ ሌላውን ትዘጋለች። እኔ ስላወጣኋት ቀዳዳዋ ተከፍታ ቀረች። የፈላው ውሃ በአቋራጭ ተመልሶ ሞተር ውስጥ ይገባል፤ ወደ ራዲያተሬ ብቅ አይልም። ያ የተጠበብኩበት መዳብ ሥራ ፈቶ ተቀምጦ ነበር።

መድኃኒቱ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው፤ መልሶ መክተት። አልከተትኳትም። ኪሴ ውስጥ ጨመርኳት።

መጀመሪያ አፍሬ ነው። ከሰዓት ይሄይስ ሲመጣ እነግረዋለሁ ብዬ ነበር። እሱ ግን መጣና ከሳጥኑ ፊት ቁጢጥ ብሎ ብዙ አየው። "ጌትነት፣ አንተ ትክክል ሳትሆን አትቀርም" አለኝ። "አፉ ጠቧል መሰለኝ።"

ሃያ ዓመት የጠበቅኩት ቃል ነው። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ። እጄ ወደ ኪሴ ሄዶ ነበር፤ መለስኩት።

"ነግሬህ ነበር" አልኩት።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ነው፤ ዝም ማለት ብቻ ነበር። ይሄይስ ያን ያማረ ሳጥን በመቀስ መቁረጥ ጀመረ። አንድ ጣት አሰፋው፣ ሞተሩን አስነሣ፣ ፈላ። ሁለት ጣት አሰፋው፣ ፈላ። እኔ አጠገቡ ቆሜ መቀሱን አቀብለው ነበር። እየከሳ ሄደ። ለአባቴ "የኔታ፣ ሒሳቤ ላይ ስሕተት አለ፣ የቱ ጋ እንደሆነ ግን ጠፋኝ" ሲላቸው ሰማሁ። አባቴ አዘኑለት፤ ስለ እሱ ሲያዝኑም ቀናሁ። ባለቤቴ ትርንጎ ፊቴን እያየች "ያ አውሮፕላን ሳይነሣ አንተን ጣለህ እኮ" ትለኝ ነበር። ለራሴ የምነግረው ግን ሌላ ነበር። እየፈላ እስካለ አይበርም፣ ካልበረ አይወድቅም፣ እንዲያውም ነፍሱን እየጠበቅኩለት ነው እል ነበር። ሰው ራሱን ለማታለል ሲፈልግ ጎበዝ ነው።

እንዲህ ሆነን ቅዳሜው ደረሰ።

የከተማው ሹሞች ለይሄይስ የድሮውን የአውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ ከከብት ነጻ አድርገው ለአንድ ቀን ሰጥተውት ነበር። ፈቃዱ በምድር ላይ እንዲነዳው ብቻ ነው፤ መነሣት የለም። ከሜዳው መጨረሻ ባሕር ዛፍ አለ፤ ከባሕር ዛፉ ማዶ ገደል ነው። ጠዋት ከጮቄ በኩል የሚመጣው ነፋስ ጆሮ ይቆርጥ ነበር። ተማሪው፣ መምህሩ፣ ገበያ የሚሄደው ገበሬ ከነአህያው ቆሟል። አባቴ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ዣንጥላና ጭራቸውን ይዘው ከሁሉ ፊት ናቸው።

ይሄይስ ወደ ጎን ወሰደኝ።

"ለማንም እንዳትናገር" አለኝ። "ሦስተኛው ዙር ላይ አነሣዋለሁ።"

"ፈቃዱ እኮ በምድር ነው።"

"የሰው ቁመት ያህል ብቻ። ተነሥቶ መቀመጥ ነው። ነገ ከብት ይገባበታል፣ ሌላ ቀን የለኝም ጌትነት።"

"ቢፈላስ?"

"ዛሬ ብርድ ነው፣ አፉም ሰፍቷል፤ እስከዚያ ይታገሰኝ ይሆናል። አንተ ምን ትላለህ? ራዲያተሩ ያንተ ነው፣ አንተ ካልክ እተወዋለሁ።"

እንዲህ ብሎ ዓይኔን አየኝ። ዕቃዋ ደረቴ ላይ ነበረች፤ ክብደቷ ይሰማኝ ነበር።

"እንጃ" አልኩት።

ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ያለ የረከሰ ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። እሱ ግን ትከሻዬን መታ አድርጎ ሄደ።

አንደኛው ዙር። ሞተሩ ተነሣ፤ እንደ ንብ ቀፎ ነው የሚጮኸው። ሜዳውን እየተንገጫገጨ ሄዶ ዞሮ መጣ። ሙቀቱን በጣቱ እንዲያሳየኝ ተነጋግረን ነበር። ስምንት ጣት አሳየኝ፤ ሰማንያ ማለት ነው። ሰዉ እልል አለ። ሁለተኛው ዙር። አሁን ፈጠን ብሎ ነዳው፤ ጭራው ከምድር ተነሣ። ሲመለስ ዘጠኝ ጣት አሳየኝ። በእኛ ከፍታ ላይ ውሃ በመቶ አይፈላም፣ ከዘጠና ብዙም ሳይርቅ ነው የሚፈላው። ሞተሩን አጠፋና ይረፍ ብሎ እዚያው መቀመጫው ላይ ጠበቀ።

በዚህ መሐል አባቴ ወደ እኔ መጡ።

"ጌትነት።"

"አቤት አባባ።"

"ያንተ ሥራ የትኛው ነው?"

አሥራ አንድ ዓመት የጠበቅኩት ጥያቄ ነው። ከአውሮፕላኑ አፍንጫ ሥር ጎንበስ ብዬ አሳየኋቸው። ዣንጥላቸውን ሰጡኝ፣ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው በርከክ አሉ፣ መዳፋቸውን በሰፋው የሳጥኑ አፍ አስገብተው ራዲያተሩ ላይ አሳረፉ። ቆዩ።

"ቀዝቃዛ ነው" አሉ።

ዣንጥላውን ከአንዱ እጄ ወደ ሌላው አዛወርኩ።

"ያ ሁሉ እሳት ከዚህ ማዶ እየነደደ ያንተ ቀዝቃዛ ነው። አብርደኸዋል።" ቀና ብለው አዩኝ። "እኔ ያንተን ሥራ ጭስና ብረት ብቻ አድርጌ ነበር የማየው። ሳላውቀው ኖሬአለሁ ልጄ። ጎበዝ።"

ከእናንተ መካከል የሥራ ባልደረቦቼ ካላችሁ ይገባችኋል። ሞተሩ ዘጠና ላይ ሆኖ ራዲያተሩ ከቀዘቀዘ፣ ራዲያተሩ እየሠራ አይደለም። አባቴ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ያመሰገኑኝ በጥፋቴ ላይ እጃቸውን ጭነው ነው። እኔስ ምን አልኩ? "እግዜር ይስጥልኝ አባባ" አልኩ።

ሞተሩ እንደገና ተነሣ። አባቴ ወደ ይሄይስ ጠጋ ብለው በዚያ ጩኸት መካከል እጃቸውን እያሳዩ "ልጄ፣ አትስጋ! የጌትነት ሥራ ቀዝቃዛ ነው፣ በእጄ ነክቼዋለሁ!" አሉት። ምን እንዳሉት የሰማ አይመስለኝም። ፊታቸውን አይቶ ፈገግ አለና ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ወደ ሜዳው ጫፍ ሄደ።

እዚህ ላይ ነው ቆርጬ የተነሣሁት። ውሸቴ በአባቴ አፍ ሲወጣ ሰማሁ። እኔ ዝም ያልኩትን እሳቸው ምስክር ሆነውለት ሰውየው ሊሞት ነው።

ሮጥኩ። የአባቴ ዣንጥላ በእጄ እንዳለ ሜዳው መሐል ገባሁ። አውሮፕላኑ ከዚያ ጫፍ ዞሮ ፊቱን ወደ እኔ መልሶ ነበር። ዣንጥላውን ዘርግቼ ማወዛወዝ ጀመርኩ። ጮኽኩ። ከኋላዬ ሰዉ "ኧረ ያዙት፣ አበደ" ይላል። አንድ ሰው ደግሞ "ቅናት ነው፣ አያስነሣውም ብዬ ነበር" ሲል በደንብ ሰማሁት። ማን እንደሆነ ዞሬ አላየሁም፤ እውነቱን ነው።

አውሮፕላኑ መጣ። ጭራው ተነሣ። ጎማው ምድሩን ለቀቅ መለስ ሲያደርግ አየሁ። ከመንገዱ አልወጣሁም፤ ዣንጥላውን ብቻ ማወዛወዝ ቀጠልኩ። ይሄይስ ሞተሩን ቆረጠ፤ አውሮፕላኑ ወደ ጎን ተጣመመ፣ አቧራና ሣር ለበሰኝ፣ ቆመ። የክንፉ ጫፍ ከደረቴ ሁለት ክንድ አይርቅም ነበር።

ወርዶ መጣ። ተናዶ ሳይሆን ደንግጦ ነበር።

"ምን ሆንክ? ምን አየህ?"

ኪሴን ከፍቼ ተርሞስታቷን አወጣሁለት። ተቀበለኝና ገለባበጣት፤ እግሯን በጣቱ ጫን ለቀቅ አደረጋት። ፊዚክስ መምህር አይደል፣ ለእኔ የሰዓታት ሥራ የሆነው ለእሱ በአንድ ትንፋሽ ተገለጠለት።

"ከሥር ቀዳዳ አለ?" አለኝ።

"አለ።"

"መቼ አየኸው?"

"በሦስተኛው ቀን።"

"ሳጥኑን ስቆርጥ ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

አባቴ ደርሰው ከጎናችን ቆመዋል። ሌላም ሰው ከቦናል። ይሄይስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ለምን?" አለኝ።

"ቀንቼብህ ነው" አልኩት።

አባቴ ዣንጥላቸውን ቀስ ብለው ከእጄ ወሰዱና አጠፉት።

ይሄይስ ዕቃዋን መለሰልኝ። "ክተታት" አለኝ። ውሃው እስኪበርድ ጠበቅን፤ እሱ በዚያ፣ እኔ በዚህ። ከካርቶን ጓርኒሲዮን ቆርጬ ገጠምኳት። ሞተሩ ተነሣ። ነዳጅ ሰጠው፣ አምስት ደቂቃ አለፈ፣ አሥር ደቂቃ አለፈ፤ የሙቀት ጌጁ ሰማንያ ላይ ተተከለ። ሰዉ አጨበጨበ። ሒሳቡ ትክክል ነበር፤ በከንቱ የተቆረጠችው ያች ጠባብ አፍም ጥፋት አልነበረባትም።

ይሄይስ ግን የውሃውን ማጠራቀሚያ በመስታወቱ በኩል እያየ ነበር። አረፋ ይወጣ ነበር፤ ትናንሽ፣ የማያቋርጥ። እኔም አየሁት። ሁለታችንም ምን እንደሆነ አውቀናል። ሦስት ሳምንት ሲቀቀል የከረመው የውስጥ ጎማ ተቃጥሎ የሞተሩ ጭስ ውሃው ውስጥ ገብቷል። እጁን ዘርግቶ ሞተሩን አጠፋው።

"አለቀ" አለ። አልጮኸብኝም። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰዉ ወደ ገበያው፣ ከብቱም በማግሥቱ ወደ ሜዳው ተመለሰ። አውሮፕላኑ ሸራ ለብሶ በይሄይስ ግቢ ቆመ። እሱም ሁለት ዓመት በሱቄ ደጃፍ አልፎ አያውቅም፤ በሌላኛው መንገድ ይዞር ነበር።

አባቴ በዚያ ሰኞ ወደ ሱቄ መጡ። በር ላይ አልቆሙም፤ ገቡ። የባትሪ ሳጥን ገልብጠው ተቀመጡና እያሳሉ እስከ ቀትር ስሠራ አዩኝ። በመጨረሻ "ያ የነካሁት ለምን ነበር የቀዘቀዘው?" አሉኝ። የቀዳዳዋን ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳቸው። እኔ ፊደል ስቆጥር እሳቸው እንዳደመጡኝ አደመጡኝ። በማግሥቱም መጡ፤ ሳጥኗም የሳቸው መቀመጫ ሆና ቀረች።

ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ስለ ቅናት እኔ የማውቀው ይህን ያህል ነው። ቅናት ድንጋይ አንሥተህ ወርውር አላለኝም፤ ቢለኝ እምቢ እለው ነበር። ዝም በል ብቻ ነው ያለኝ። ጓደኛዬ ራሱን ሲጠራጠር መቀስ እያቀበልኩ እንድቆም ነው ያደረገኝ። ምናልባት እናንተም በኪሳችሁ የሰው ዕቃ ይኖር ይሆናል፤ ለጎረቤታችሁ፣ ለወንድማችሁ፣ ለሥራ ባልደረባችሁ የሚጠቅም አንዲት የምታውቋት ነገር። ዛሬ አውጧት። እኔ ለሰውየው ነፍስ ደረስኩ፤ ለሞተሩ አልደረስኩም። ዛሬ ማናቸውንም ተርሞስታት ከማውጣቴ በፊት ጣቴን ከሥር እከታለሁ፤ ጣሳውንም ጥዬዋለሁ።

በሁለተኛው ዓመት ከውጭ አገር በመጣ ሰው እጅ የሞተሩ የውስጥ ጎማዎች ለይሄይስ እንደደረሱለት በወሬ ሰማሁ። አልጠራኝም፣ እኔም አልሄድኩም። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሱቄ ውስጥ ጎንበስ ብዬ ስበይድ ያ የንብ ቀፎ ድምፅ ከሜዳው በኩል መጣ። መሣሪያዬን አስቀመጥኩ። ድምፁ ከፍ አለ፣ ከፍ አለ፣ ከዚያ ለአፍታ ቀለል አለ፤ ጎማ ምድር ሲለቅ ሞተር እንደዚያ ይላል። መልሶ ወረደ። አባቴ ሳጥናቸው ላይ ሆነው ያዩኝ ነበር።

ቀትር ገደማ ፒካፕ አውሮፕላኑን እየጎተተ መጥቶ ደጃፌ ላይ ቆመ። ይሄይስ ወረደ። ሰላም አላለኝም። አውሮፕላኑ ውስጥ ገብቶ እዚያው አስፋልቱ ዳር ሞተሩን አስነሣ፤ የመንገዱ አህያ ሁሉ ተበተነ፣ ሰዉ ጆሮውን ያዘ። አሥር ደቂቃ ያህል አስጮኸውና አጠፋው። ከዚያ መጥቶ አጠገቤ ቆመ።

"ንካው" አለኝ።

በርከክ ብዬ መዳፌን ራዲያተሬ ላይ አሳረፍኩ። ያቃጥል ነበር። ቶሎ አላነሣሁትም።

"ተነሣ?" አልኩት፣ ቀና ሳልል።

"የሰው ቁመት ያህል" አለኝ።

ተነሥቼ ወደ ሱቄ ገባሁና ለአባቴ የቀላውን መዳፌን አሳየኋቸው።